መቀመጫ ያላገኘ ፓርቲ መራጭ የለውም? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው የላኩልኝ። አንደኛው «ይሄን አንብበህ ዝም እንዳትል» ብሎ ጨምሮበታል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። በኢትዮጵያ ከገዥው ፓርቲ ውጪ ያሉ ትንንሽ ፓርቲዎች ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባደረጉት ውድድር ሁሉ ከሽፈዋል። ለማስረጃ ጸሐፊው የመቀመጫ ቁጥር ይደረድራል፤ በ2002 አንድ፣ በ2007 ዜሮ፣ በ2013 ጥቂት። ከዚያ አምስት ነገር ይላል። መራጭ የላቸውም። ምርጫ ሲመጣ ሥራቸው ራስን ማግለል ነው። ጥቂት ወንበር ቢያገኙም የሚፈይዱት የለም። ቢዋሃዱ ኖሮ ያሸንፉ ነበር። በመጨረሻም የ2013 ምርጫ ሰበብ አሳጥቷቸዋል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። በ2013 ምርጫ የአንድ ትንሽ ፓርቲ ወኪል ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የምርጫ ጣቢያ ውያለሁ፣ አምሽቻለሁም። ስለዚህ ነገሩ ያገባኛል። የፓርቲውን ስም ግን አልጠራም። ክርክሩ ስለ አንድ ፓርቲ አይደለም።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። የቀሩት አራቱ የቆሙት እሱ ላይ ነው።

«መቀመጫ ያላገኘ ፓርቲ መራጭ የለውም፤ ቁጥር አይዋሽም» ይላል ጸሐፊው። የትኛው ቁጥር? እሱ የቆጠረው ወንበር ነው፣ ሰው አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤቱ አባል የሚመረጠው በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው ይላል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃዋል። የበለጠው ይገባል፣ ሌላው ሁሉ ቤቱ ይቀራል። የሁለተኛው ድምፅ ወደ የትም አይሻገርም፣ ለሌላ የምርጫ ክልልም አይደመርም።

በምሳሌ እንየው። በአንድ የምርጫ ክልል 30 ሺህ ሰው መረጠ እንበል። አንደኛው 12 ሺህ፣ ሁለተኛው 10 ሺህ፣ ሦስተኛው 8 ሺህ አገኙ። ምክር ቤት የሚገባው 12 ሺህ ያገኘው ነው። ያልመረጡት 18 ሺህ ናቸው፣ የመረጡት ደግሞ 12 ሺህ። አሁን ይሄው ውጤት በ20 የምርጫ ክልሎች ተደገመ በሉ። አንደኛው ፓርቲ 20 ወንበር ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው 200 ሺህ ሰው መርጦት ባዶ እጁን ይመለሳል። የጽሑፉ ጸሐፊ እዚህ ጋ መጥቶ «ዜሮ ወንበር ስላለው መራጭ የለውም» ይለናል። እነዚያን 200 ሺህ ሰዎች የት አደረጋቸው?

ይሄ የወረቀት ሂሳብ ነው የሚል ካለ አዲስ አበባን እንይ። ከተማዋ በምክር ቤቱ 23 ወንበር አላት። በ1997 የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት 23ቱንም ወሰደ። ያኔ ገዥ የነበረው ኢህአዴግ አንድም አላገኘም። በ2002 ኢህአዴግ 22ቱን ወሰደ፣ አንዷን መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት እጩ አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። በ2007 ሁሉም የኢህአዴግ ሆነ። እንግዲህ በጸሐፊው ሚዛን ብንሄድ በ1997 ኢህአዴግ በአዲስ አበባ አንድ ደጋፊ አልነበረውም ማለት ነው። ያኔ በከተማዋ የኖረ ሰው ይሄ እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። ብዙ ሰው መርጦት ነበር፣ ግን በየትኛውም የምርጫ ክልል አንደኛ አልወጣም። በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከመርካቶ እስከ ቦሌ፣ ልቡን ገልብጦ ወደ ሌላው ዞረ ልንል ነው? አንልም። በ1997 ለኢህአዴግ ያልሠራ ቁጥር በ2002 ለመድረክ እንዴት ይሠራል? ሚዛኑ አንድ ከሆነ ለሁሉም ይመዝን።

ይሄ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከአፍሪካ ሌሶቶን ውሰዱ። በፈረንጆቹ 1998 በተደረገው ምርጫ የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲ ወደ 61 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ድምፅ ይዞ አንዲት ወንበር ብቻ አገኘ። ከአራት መራጭ አንዱ ማለት ይቻላል የመረጠው ፓርቲ፣ አንድ ሰው! አገሪቱ ተናወጠች፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደር ገባ። ከዚያ ተቀምጠው መከሩና ስርዓቱን ቅይጥ አደረጉት። 80ዎቹ የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ቀርተው በድምፅ ብዛት የሚታደሉ 40 ወንበሮች ጨመሩ። በፈረንጆቹ 2002 ምርጫ የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ ከበፊቱ ያነሰ ድምፅ፣ ወደ 22 በመቶ፣ አግኝቶ 21 ወንበር ያዘ። ልብ በሉ። መራጩ ቀንሷል፣ ወንበሩ ግን ከ1 ወደ 21 አደገ። በዚህ መሃል የተቀየረው የመቁጠሪያው መንገድ ነው።

እኔ አብላጫ ድምፅ ይጣል እያልኩ አይደለም። አንድ ሰው «የእኔ ተወካይ እገሌ ነው» ብሎ ስሙን የሚጠራው፣ ሲያጠፋም የሚወቅሰው ሰው እንዲኖረው ያደርጋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን በዚህ ስርዓት የተቆጠረ ወንበር ስለ አሸናፊው እንጂ ስለ ተሸናፊው ብዙ አይነግረንም። የትንሽ ፓርቲን ታሪክ በወንበር ብቻ መጻፍ፣ የመንደርን ታሪክ በሀብታሞቿ ቤት ብቻ እንደመጻፍ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። «ሥራቸው ራስን ማግለል ነው» ይላል። ይሄ በከፊል እውነት ነው፣ በአብዛኛው ግን ስህተት።

በ1987 አዎ፣ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልገቡም። ከዚያ በኋላስ? በ1992 ገቡ። ሀዲያ ውስጥ የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ፓርቲ ገዥውን ፓርቲ በገዛ መሬቱ አሸንፎ ምክር ቤት ደረሰ። ይሄንን ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳን አልሰጠውም። በዚያን ዘመን፣ በገጠር፣ መኪናም ገንዘብም ሳይኖር፣ ቀበሌው በሙሉ በአንድ ፓርቲ እጅ እያለ የተገኘ ወንበር ነው። ለእኔ የትንሽ ፓርቲ ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ገጽ እዚያ ነው መሆን ያለበት። በ1997 ገቡ፤ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት ህብረት 52፣ በአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የሚመራው የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኦፌዴን) 11 ወንበር አገኙ። በ2002 ገቡ። በ2007 ገቡ። በ2013ም ከ40 በላይ ፓርቲ ተወዳድሯል።

ጸሐፊው ትክክል የሆነበት ቦታ አለ፣ አልክደውም። ከ1997 ምርጫ በኋላ ቅንጅት ምክር ቤት ልግባ አልግባ በሚል የተከፈለበት ጊዜ እስከ ዛሬ ያመኛል። የድምፅ ቆጠራው አወዛጋቢ ነበር፣ ሰው ሞቷል፣ መሪዎቹም ታስረዋል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ያሸነፈ ፓርቲ ከተማዋን ሳይረከብ ቀርቶ፣ ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር እጅ ስትገባ ማየት ለመረጠው ሰው ከባድ ነበር። በዚያን ጊዜ ወረፋ ላይ አብሮኝ ቆሞ የነበረ ጎረቤታችን ከዚያ ወዲህ መርጦ አያውቅም። «የሰጠሁትን ካልተረከቡኝ ደግሜ ምን ላድርግ» ይላል። ለእሱ መልስ የለኝም።

ግን አንድ ጊዜ የሆነን ነገር «ሥራቸው» ብሎ መጥራት አይቻልም። በ2000 የአካባቢ ምርጫ ህብረት ሲወጣ ብዙ ሺህ እጩዎቼ እንዳይመዘገቡ ተደርገዋል ብሎ ነው። በ2013 የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) ሲወጣ አመራሮቼና አባሎቼ ታስረዋል፣ ቢሮዬ ተዘግቷል ብሎ ነው። ይሄን ምክንያት መቀበልም መንቀፍም ይቻላል። ጸሐፊው ግን ምክንያቱን ጭራሽ አላነሳውም። ከውድድሩ ወጡ ብሎ ጽፎ ለምን እንደወጡ ያሉትን አለመጥቀስ ለአንባቢ ፍርድ የሚያሳጣ ነገር ነው።

ሦስተኛው ነጥብ በጣም ያናደደኝ ነው። «አንድም አምስትም ወንበር ቢኖራቸው እጅ አውጥቶ ከማውረድ ያለፈ ምን ይፈይዳሉ?» ይላል።

እጅ አውጥቶ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። በ2001 የጸረ ሽብር አዋጁ፣ ቁጥር 652፣ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ በ286 ድጋፍ፣ በ91 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ነው ያለፈው። አዎ፣ አልፏል። ግን 91 ሰዎች እጃቸውን አውጥተው «አይሆንም» ብለዋል። ያ አዋጅ በኋላ ስንት ጋዜጠኛና ስንት ፖለቲከኛ እንደበላ አገር ያውቃል። በ2012 ተሽሮ በሌላ አዋጅ ሲተካ መንግሥት ራሱ ችግር እንደነበረበት ተቀብሎ ነው። ያኔ 91ዱ የተናገሩት ከ11 ዓመት በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኘ። በቀጣዩ ምክር ቤት ግን ይሄ 91 ወደ ሁለት ወረደ፤ አንድ የመድረክ፣ አንድ ከከፋ የተመረጡ የግል ተወዳዳሪ። በ2007 ደግሞ የተቃዋሚ ወንበር ጠፋ። ሕግ ሲወጣ በተቃውሞ የሚነሳ እጅ የሌለበት ምክር ቤት ምን እንደሚመስል አየነው። ከ2008 ጀምሮ መንገድ ላይ የወጣው ሕዝብ ምክር ቤት ውስጥ የሚጮህለት አልነበረውም።

እና ደግሞ ጥቂት ሆነው የገቡትም ሜዳው አልተመቻቸላቸውም። በ1997 ምርጫ ማግስት የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ የነበረው ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን አሻሽሎ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የአባላት ድጋፍ ያስፈልጋል አለ። ተቃዋሚው አንድ ሦስተኛ አካባቢ ወንበር ይዞ በሚገባበት ወቅት! እንግዲህ እጁን ታስሮ የገባን ሰው «ምን ሠራህ?» ብሎ መጠየቅ ፍርድ ነው?

እንዲያም ሆኖ ሠርተዋል። አቶ ቡልቻ ስለ በጀት ሲናገሩ የሰማ ሰው ያስታውሳል፤ የገንዘብ ሚኒስቴርንም የዓለም ባንክንም ከውስጥ የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ቁጥር አንስተው ይጠይቁ ነበር፣ መልስም ይሰጣቸው ነበር። በ2013 አምስት ወንበር ብቻ ካገኘው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) የገቡት አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው የዋና ኦዲተርን ግኝት እየያዙ መሥሪያ ቤቶችን ሲያፋጥጡ በቴሌቪዥን አይተናል። በ2015 ታሰሩ። ማንም ስለ ፖለቲካቸው የፈለገውን ይበል፤ ያ ኮሚቴ ሲጠይቅ የነበረው የሁላችንንም ገንዘብ ነው።

ከውጭም ልጨምር። በደቡብ አፍሪካ ሄለን ሱዝማን በአፓርታይድ ምክር ቤት ውስጥ ከ1961 እስከ 1974 በፈረንጆቹ፣ አሥራ ሦስት ዓመት፣ የፓርቲያቸው ብቸኛ ተወካይ ነበሩ። ብቻቸውን። ሚኒስትሮቹን በጥያቄ ያፋጥጡ ነበር፣ ሮበን ደሴት ድረስ ሄደው እነ ማንዴላን ጠይቀዋል። አንድ ወንበር ነበር። ያ ወንበር ባይኖር እስር ቤቱን ማን ገብቶ ያይ ነበር? በዚያው አገር በፈረንጆቹ 1994 ከ2 በመቶ በታች ድምፅ አግኝቶ 7 ወንበር የያዘ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ነበር። እሱ ላይ የተገነባው ፓርቲ ከ20 ዓመት በኋላ ከ22 በመቶ በላይ ድምፅና 89 ወንበር ይዞ ዋናው ተቃዋሚ ሆኗል። ተመጣጣኝ ውክልና ስላላቸው 7ቱ ወንበር አልጠፋም፣ ዘር ሆኖ ቆየ። በእኛ ስርዓት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ድምፅ ያገኘ ፓርቲ በማግስቱ ቢሮውን ይዘጋ ነበር።

አራተኛው፣ «ቢዋሃዱ ያሸንፉ ነበር» የሚለው ነው። ይሄንን ብዙ ቅን ሰው ይለዋል፣ ጸሐፊውም በቅንነት ይመስለኛል ያለው። ግን ሂሳቡ አይሠራም።

ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ) በግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው የመሠረቱት ነው። አደረጃጀቱም በየምርጫ ወረዳው ነበር፣ ማለትም ለዚሁ ውድድር ተብሎ የተሰፋ ልብስ። ብዙ ቦታ እጩ አቀረበ። በ2013 ያገኘው 4 ወንበር ነው። ያልተዋሃደው አብን 5 አገኘ። ከአንድ ዞን ሳይወጣ የሚንቀሳቀሰው የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 አገኘ። ለምን? በአብላጫ ድምፅ ስርዓት ስፋት አያዋጣም፣ እፍግታ ነው የሚያዋጣው። በመላው አገሪቱ በየቦታው ሃያ ሃያ በመቶ ከማግኘት በአንድ አካባቢ ሃምሳ በመቶ ማግኘት ይሻላል። በእንግሊዝ በፈረንጆቹ 2015 ዩኪፕ የተባለው ፓርቲ ወደ 3.9 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ 1 ወንበር ወሰደ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን በማይሞላ ድምፅ 56 ወንበር ያዘ፣ ድምፁ ሁሉ አንድ ቦታ ስለተከማቸ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አሳሳቢ ነው፣ ጸሐፊው ቢያየው ኖሮ ጽሑፉ ሌላ ይሆን ነበር። ስርዓቱ አገር አቀፍ ሐሳብ ይዞ የሚነሳን ትንሽ ፓርቲ ይቀጣል፣ በአንድ አካባቢ የታጠረን ይሸልማል። ከዚያ ደግሞ «ፓርቲዎቻችን ለምን በብሔር ይደራጃሉ?» ብለን እንጠይቃለን።

ስለ ፓርቲ ብዛት የጻፈው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ነው። «ሦስት ሰው ማህተም አስቀርጾ ፓርቲ የሚሆንበት አገር» ይላል። በምርጫና በፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ 1162 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመሆን 10 ሺህ መሥራች አባል፣ ክልላዊ ለመሆን 4 ሺህ ያስፈልጋል። አዋጁ ከመጣ በኋላ ከ100 በላይ የነበረው የፓርቲ ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ሦስት ሰው ማህተም ማስቀረጽ ይችላል፣ ፓርቲ ግን አይሆንም።

አምስተኛውና የመጨረሻው፦ «የ2013 ምርጫ ነፃ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ተሸነፉ፣ ከእንግዲህ ምን ሰበብ አላቸው?»

የ2013 ምርጫ ከቀደሙት የተሻሉ ነገሮች ነበሩት። ምርጫ ቦርዱ ፓርቲዎችን ያዳምጥ ነበር፣ ቅሬታ ተቀብሎ በአንዳንድ ቦታ ውጤት ሰርዟል። እመሰክራለሁ። ነገር ግን በየትኛው አገር ነው የተካሄደው? ትግራይ በጦርነት ላይ ነበረች፣ ድምፅ አልሰጠችም። ሶማሌና ሐረሪ ሰኔ 14 ቀን አልመረጡም፣ ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ተላለፉ። በኦሮሚያ ኦፌኮም ኦነግም ውድድሩ ውስጥ አልነበሩም፤ በብዙ ቦታ ብልፅግና የተወዳደረው ከራሱ ጋር ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዙር ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች 410 የብልፅግና ሆነ። ጸሐፊው ይሄን 410 ይዞ «የትንንሽ ፓርቲዎች ልክ ይሄ ነው» ይላል። ተወዳዳሪ ባልነበረበት ቦታ የተገኘን ወንበር የተወዳዳሪው መመዘኛ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

የጣቢያዬን ነገር እዚህ ጋ ልንገራችሁ። ክረምቱ ገብቶ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ሰልፉ ከግቢው በር አልፎ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። ሰዉ ፌስታል ራሱ ላይ አድርጎ፣ አንዳንዱ በርጩማ ይዞ መጥቶ፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የወኪል ባጅ አንገቴ ላይ ነበር። አንዲት እናት ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ዓይኔ ደከም ብሏል፣ ምልክቶቹን አሳየኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ወኪል ነኝ፣ አፌን መክፈት አልችልም። «እማማ፣ እኔ አይፈቀድልኝም፣ አስፈጻሚዋ ትርዳዎት» አልኳቸው። አስፈጻሚዋ መጥታ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ እያሳየች በስማቸው ነገረቻቸው፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ቆመች። እሳቸውም ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ቆዩ። በጣም ቆዩ። ማንን እንደመረጡ አላውቅም፣ ማወቅም የለብኝም። ግን ያን ያህል የቆዩት ግድ ስላላቸው ነው።

ሰዓቱ እስከ ምሽቱ ሦስት ተራዘመ። ከዚያ ኮሮጆው ተገለበጠ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲፈስ የሚያሰማውን ድምፅ አልረሳውም። አስፈጻሚዋ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍታ ለሁላችንም ታሳያለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ በየክምሩ ታስቀምጣለች። የብልፅግና ክምር ከፍ አለ። የእኛም ግን ክምር ነበረው። የሌሎቹም። አንዲት የሌላ ፓርቲ ወኪል አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱ የእነሱ ወረቀት ሲጠራ በደብተሯ አንድ መስመር ታሰምራለች። ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ደግማ ቆጠረች። በእኛ ጣቢያ እጩአችን ሁለተኛ ወጣ። ፎርሙ ላይ ፈረምን፣ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ፣ ሌሊቱ ሳይጋመስ በዝናብ ወደ ቤት ሄድኩ። በነጋታው ተመልሼ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ።

ጸሐፊው «መራጭ የላቸውም» ሲል ይሄ ፎቶ ነው ትዝ ያለኝ። በዚያ ወረቀት ላይ ከአንደኛው ስም በታች ባሉት መስመሮች የተጻፈው ቁጥር እያንዳንዱ በዝናብ የቆመ ሰው ነው። ምክር ቤት ሲደርስ ወደ ዜሮ ተቀየረ። እሺ፣ ሕጉ ነው፣ ተሸንፈናል፣ ተቀብለናል። ነገር ግን አልነበሩም አትበሉ።

ጸሐፊው ብዙ ያላለው፣ እኔ ግን ማለት ያለብኝ ጥፋት አለ። ትንንሾቹ ፓርቲዎች ከምርጫ እስከ ምርጫ ይተኛሉ። አምስት ዓመት የት ነበራችሁ ሲባሉ መልስ የላቸውም። በየምርጫ ክልሉ ቢሮ የለም፣ ካለም ቁልፉ የተያዘው በአንድ ሰው ነው። የአባላት መዝገብ አይታደስም። እርስ በርስ ይካሰሳሉ፤ ተካስሰው ምርጫ ቦርድ ሲደርሱ ደግሞ፣ አንድነት በተባለው ፓርቲ ላይ በጥር 2007 እንደሆነው፣ ስሙና ምልክቱ ለአንዱ ወገን ተሰጥቶ ሌላው ባዶ እጁን ይወጣል። ከምርጫው ወራት በፊት! በመጨረሻ ደግሞ መሪዎቹ ሹመት ሲሰጣቸው ፓርቲው መቃወሙን ይቀጥል ወይም አይቀጥል ለአባሉ በግልጽ የሚነግረው የለም። በ2014 መስከረም የኢዜማና የአብን መሪዎች ሚኒስትር ሲሆኑ እኔ ራሴ ከአንድ የኢዜማ አባል ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን «አሁን እኛ ምንድን ነን?» ብሎ ጠይቆኛል። አብሮ መሥራቱን አልነቅፍም፣ ለአገር ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለመራጩ ግን ሳይነገር መሆን አልነበረበትም።

ጽሑፉ እነዚህን ቢያነሳ ኖሮ እኔም አብሬው እቆም ነበር። ወንበር ቆጥሮ ሰው መሰረዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጸሐፊው ይሄን ካነበበ አንድ ልመና አለኝ። የትንንሽ ፓርቲዎችን የምክር ቤት ታሪክ መጻፍ ከፈለገ፣ ሥራው ያስፈልጋል፣ ማንም በወጉ አልጻፈውም። ግን ከምክር ቤቱ የወንበር ሠንጠረዥ አይጀምር። ከየምርጫ ክልሉ ውጤት ይጀምር፤ ሁለተኛ ማን ወጣ፣ በስንት ተበለጠ፣ በቀጣዩ ምርጫ ያ ሁለተኛ ሰው የት ደረሰ ብሎ ይከተል። ሀዲያን ከ1992 እስከ 2013 ይከተል። የአዲስ አበባን 23 የምርጫ ክልሎች አንድ በአንድ ይከተል። በየጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ ያነሱ ብዙ የቀድሞ ወኪሎች አሉ፣ የሁሉም ፓርቲ። የእኔን ነገ ከፈለገ እልክለታለሁ።